አክብሮት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ አይጻፍም

የግብረ ገብን ትርጓሜ በቃሉ የወጣ ሕፃን ዜግነትን ተማረ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ መከባበር የሚጠናው ከደብተር ይልቅ ከአስተማሪና ከወላጅ አንደበት ነውና።

ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በመራዊ አጠገብ ያለውን ቆጋን እንመልከት። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲያለማ የታሰበ ነው፤ ገበሬውም ውኃውን በተራ ይካፈላል። በቦይ ዳር የጎረቤቱን ተራ የሚያከብር አባት፣ ልጁ በትምህርት ቤት የሸክላ ሠሪዋን ልጅ «ቡዳ» ብሎ ቢያርቀው ጥፋቱ የማን ነው? ቃሉን ሕፃኑ አልፈጠረውም፤ በምድጃ ዳር ሰማው፤ ሲናገረውም ተቆጪ አላገኘም።

«የልጅ ጨዋታ ነው» ብለው የሚያቃልሉት አይጠፉም። ነገር ግን ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ከዐዋጁ በኋላ መቶ ዓመት አልፎም ስድቡ ያልሞተው ሕግ ስላጣን ሳይሆን አንደበታችንን ስላልገራን ነው።

ስለዚህ አስተማሪ እንዲህ ያለውን ስድብ በሰማ ጊዜ ትምህርቱን አቁሞ ያርም፤ የተሰደበውንም ልጅ በጓደኞቹ ፊት ያክብረው። ወላጅም በቤቱ አፉን ይጠብቅ። ቡናውን እየጠጡ ጀበናውን የሠራችውን እጅ መናቅ ነውር መሆኑን ሕፃኑ ከኛ ያየ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ዜግነትን ተማረ እንላለን።