«ቦይንጌ ተራራ ላይ እየወደቀ አስቸገረኝ፤ ወንድሜንም መታሁት»

የዛሬው ደብዳቤ እንደ ወትሮው የከዳች ፍቅረኛ ወይም ጨቅጫቃ አማት የለበትም። «እኔን አውሮፕላን ምን አገባኝ» ብላችሁ ገጹን ለመገልበጥ ግን አትቸኩሉ፤ ጥፊም፣ ኩርፊያም፣ የዱባይ ስልክም አለበት። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ አጥብቆ ስለለመነን ስሙን ትተን፣ ደብዳቤውንም ጥቂት አሳጥረን እነሆ ብለናል።

«ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ? እኔ ከጭንቀቴ በቀር ደህና ነኝ። የ23 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው እዚሁ አዲስ አበባ ከእናቴና ከ14 ዓመት ወንድሜ ጋር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አብራሪ መሆን እመኝ ነበር፤ አልተሳካልኝም። ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች የምትረዳን እህታችን ባለፈው ዓመት ጠንካራ ላፕቶፕ ላከችልኝ። የበረራ ሲሙሌተር ጫንኩበት። ጆይስቲክም ያገለገለ ከሰው ላይ በርካሽ ገዛሁ። የማበረው ቦይንግ 737-800 ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የፈረንጆቹን ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት። ለንደንና አምስተርዳም ላይ እንደ ላባ ነው የማሳርፈው። ወደ ቦሌ ስመጣ ግን ጉድ ይፈላል! ሁሉንም ነገር ቪዲዮው እንደሚያሳየው አደርጋለሁ፤ ከፍታውን 3,000 ጫማ ሞልቼ አውቶፓይለቱን አስይዘዋለሁ፤ ቀስ እያለ ይወርድና ድንገት ‹ፑል አፕ! ፑል አፕ!› ብሎ ጮኾ ተራራ ላይ ይከሰከሳል። አንዳንዴ ደግሞ አውቶፓይለቱ ራሱ ሳይነካ ይለቃል። ምስሉም በተለይ ማታ ማታ ይንቀጠቀጥብኛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ወንድሜ ሳልፈቅድለት ጆይስቲኩን ሲነካ ከጠረጴዛ ላይ ጥሎት ነበር። ‹ምንም አልሆነም› ብሎ ሲከራከረኝ ንዴቴን መቆጣጠር አቅቶኝ በጥፊ አጮልኩት። ለእህታችንም ደውዬ ዕቃሽን ይኸው አበላሸው አልኳት። እሷም እያለቀሰች ሰደበችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያናግረኝም፤ እኔ ባለሁበት ማዕድ አይቀርብም። እናቴ መሐል ቤት ቆማ ትጨነቃለች። አሁን ላፕቶፑን ላሠራው ወይስ ልሽጠው? ወንድሜንስ ምን ላድርገው? መላ በሉኝ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ እኔም ልጁን ጠርጥሬው ነበር። በሁለተኛው ግን «ለንደንና አምስተርዳም እንደ ላባ» የምትለው ጋ ስደርስ ነገሩ በራልኝ። እስቲ ንገረኝ፣ የወደቀ ጆይስቲክ አገር መርጦ ነው እንዴ የሚበላሸው? ለንደን ላይ ጤነኛ፣ ቦሌ ላይ በሽተኛ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያ፣ የአገሩ የአየር ግፊት ከተሞላለት በኋላ፣ የሚቆጥርልህ ከባሕር ወለል ጀምሮ እንጂ ከእግርህ ሥር ካለው መሬት ጀምሮ አይደለም። የአምስተርዳሙ ስኪፖል አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በታች ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው ያለው። የለንደኑ ሂትሮው ደግሞ ከባሕር ወለል 25 ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ 3,000 ጫማ ስትሞላ በእርግጥም ከመሬት 3,000 ጫማ ያህል ከፍ ብለህ ትንሳፈፋለህ። ቦሌ ግን ራሱ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ማለት ነው። 3,000 ጫማ በሜትር 914 ነው። ሞቃቷ መተሐራ እንኳ ከዚያ ከፍ ትላለች! አንተ አውሮፕላኑን ያዘዝከው ከቦሌ አስፋልት 1,400 ሜትር ያህል ወደ ከርሰ ምድር እንዲወርድ ነው። እሱም ታዛዥ ነውና ሊወርድ ሞከረ። በመንገዱ ላይ እንጦጦ አለ፤ ጫፉ ወደ 3,200 ሜትር፣ በጫማ 10,500 ገደማ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተው ጽፈኸዋል።

ያ «ፑል አፕ» የሚለው ጩኸትም ብልሽት አይደለም። አውሮፕላኑ በሆዱ ሥር ባለ ራዲዮ ከመሬት ያለውን ርቀት ይለካል፤ መሬቱ በፍጥነት እየቀረበ ሲመጣ ይጮሃል። ዕቃው ሥራውን እየሠራ ነበር። የማይሰማው አንተ ነህ።

እንግዲህ ለቦሌ የሚሆን ቁጥር ልስጥህ፤ ወረቀት አምጣ። የመውረጃው መስመር ሦስት ዲግሪ ነው። ከማኮብኮቢያው አሥር የባሕር ማይል ስትርቅ ከመሬት 3,000 ጫማ ያህል ከፍ ማለት አለብህ። በቦሌ መለኪያህ ላይ ይህ 10,600 አካባቢ ይነበባል። በአምስት ማይል 9,100 ይሆናል። ከዚያ በፊት ምን ያህል ዝቅ ማለት እንደሚፈቀድ የቦሌ የመቃረቢያ ካርታ ላይ ተጽፏል፤ ተራራዎቹ ታስበው የወጡ ቁጥሮች ናቸው። የፈረንጅ ቪዲዮ ላይ አታገኛቸውም። ከ35,000 ጫማ መውረድ የምትጀምርበትንም ቦታ በጣትህ አስላው፤ መጀመሪያ የቦሌን 7,600 ቀንስ፣ 27,400 ይቀራል። ለእያንዳንዱ ሺህ ጫማ ሦስት ማይል ስጠው፤ 82 ማይል ይመጣል። ፍጥነት ለመቀነሻ ደግሞ አሥር ያህል ጨምርበት። ዘግይተህ ከላይ ከመጣህ አውቶፓይለቱ የመውረጃውን ጨረር መያዝ ይቸግረዋል፤ ከሥር ገብቶ መያዝ ነው የለመደው። ያኔም «ተበላሸ» እንዳትል።

አንድ ሌላ የቦሌ ጠባይ አለ። አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያህ 140 ኖት ሲልህ፣ በሞቃት ቀን በእውነት የምትሮጠው ወደ 160 ኖት ነው። ስለዚህ ለመውረድ የለንደኑ 700 ጫማ በደቂቃ አይበቃህም፤ 800 ያህል ያስፈልግሃል። ማኮብኮቢያው ላይም መሬቱ በጎንህ ሽው ሲል ትደነግጣለህ። አትደንግጥ፤ የተሠራው ረጅም ተደርጎ ነው፤ ፍሬን በጊዜ መያዝ ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክስ እንለፍ። አውቶፓይለቱ ሳይነካ የሚለቀው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ጆይስቲኩ ሊጠረጠር ይችላል፤ አልክድህም። እንደ እውነተኛው አውሮፕላን አጥብቀው የተሠሩ የሲሙሌተር ቦይንጎች መሪው በኃይል ሲነቀነቅ «አብራሪው ሊይዘኝ ፈለገ» ብለው አውቶፓይለቱን ይለቃሉ። ያረጀ ጆይስቲክ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይነቀነቃል። ግን ሳትመረምር አትፍረድ። ጆይስቲኩን ንቀለው፤ አውቶፓይለቱን አስይዘህ አንድ ሰዓት ያለ እሱ ብረር። አሁንም ከለቀቀ ጆይስቲኩ ነጻ ነው። ካልለቀቀ ደግሞ መልሰህ ሰካውና የመቆጣጠሪያዎቹን ማስተካከያ ገጽ ክፈት፤ እጅህን አንሳና መስመሩን ተመልከት። ብቻውን የሚርገበገብ ከሆነ «ዴድ ዞን» የሚባለውን ትንሽ ጨምርለት፤ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ሌላም የማይታይ ተንኮል አለ፤ ፕሮግራሙ አንዱን ሥራ ለሁለት ዕቃ በአንዴ ሰጥቶት ይሆናል። ሁለቱ ሲጎታተቱ አውሮፕላኑ ግራ ይገባዋል። አንዱን ሰርዘው። ደግሞስ ዕቃውን ያገለገለ ነው የገዛኸው አይደል? ልጁ እጅ ከመግባቱ በፊት ስንት ሰው እንዳንገላታው በምን ታውቃለህ?

ማታ ማታ የሚንቀጠቀጠው ምስል ቀላሉ ነው። ሰፈራችሁ መብራት ይጠፋል? ላፕቶፕ ከሶኬት ተነቅሎ በባትሪ ሲሠራ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ሥዕሉም ይቆራረጣል። መብራት እያለም ማታ ኢንተርኔቱ ሲጨናነቅ፣ ከሩቅ የሚጎተተው የመሬት ገጽታ እየዘገየ ያስቸግራል። ሲሙሌተርህ ከፈቀደ ያን ከኢንተርኔት የሚመጣውን ገጽታ አጥፋው፤ ደመናና ጥላውንም አንድ ደረጃ ዝቅ አድርግ። ለውጡን ግን አንድ በአንድ አድርግ። አምስቱን በአንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

እኔ ራሴ ከዚህ በሽታ የጸዳሁ እንዳይመስልህ። ሲሙሌተር የጀመርኩ ሰሞን የዚያው የ737 ሞተር አልነሳ ብሎኝ ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ። ሁለት ሌሊት፣ በዚያ ላይ የኢንተርኔቱ ሒሳብ! ለካ ሞተሩ የሚነሳው በተጨመቀ አየር ኖሯል። ጭራው ውስጥ ያለችው «ኤፒዩ» የምትባል ትንሽ ሞተር አየሩን ትሰጣለች፤ እኔ ግን ለመንገደኞች አየር የሚያቀዘቅዙትን «ፓክ» የሚባሉትን ሳልዘጋ አየሩን ለእነሱ ሳድል ነበር። ሁለት ማብሪያ ዘግቼ ቢሆን ወዲያው ይነሳ ነበር። በወቅቱ ግን ኮምፒውተሩን የሸጠልኝን ሰው ስረግም ነው ያነጋሁት።

ይህ የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 የአሜሪካው ቲደብልዩኤ በረራ 514፣ ቦይንግ 727፣ ወደ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ሲቃረብ ቨርጂኒያ ውስጥ ማውንት ዌዘር ከሚባል ተራራ ጋር ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ተራራው ገና ሳይታለፍ ወደ 1,800 ጫማ እየወረዱ ነበር። «ለመቃረብ ተፈቅዶልሃል» የሚለውን ቃል አብራሪዎቹ በአንድ መንገድ፣ የምድር ተቆጣጣሪው በሌላ መንገድ ነበር የተረዱት። ከዚያ አደጋ በኋላ ነው አሜሪካ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖቿ ያንን አንተ የሰለቸህን የመሬት ማስጠንቀቂያ እንዲይዙ ያስገደደችው።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ጆይስቲኩ ከመውደቁ በፊት ቦሌ ላይ በሰላም አርፌ አውቃለሁ አላልክም። «ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል» እንኳ አላልክም። እስቲ ራስህን ጠይቅ፤ ከዚያ በፊት ወደ ቦሌ በርረህ ታውቃለህ? ሳይፈቀድለት መንካቱ ጥፋት ነው፣ እሱን ለብቻው ንገረው። ተራራው ግን የእሱ ሥራ አይደለም። የሞላኸው አንተ ነህ፤ ጥፊውን የቀመሰው እሱ ነው።

ስለዚህ ላፕቶፑን አትሸጥም። እህትህ በሰው ቤት ላቧን ጠብ አድርጋ የገዛችው፣ ምንም ያልሆነ ዕቃ ነው። መጀመሪያ ወደ ዱባይ ደውል። «ተሳስቻለሁ፤ እሱ አላበላሸውም» በላት፤ ልጁም አጠገብህ ቆሞ ይስማ፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው። በስድብ የተነገረው በስልክ ስለነበር ይቅርታውም በዚያው በስልክ ይምጣ። ለእናትህም እንዲሁ። ታላቅ ነኝና ታናሼን እግሩ ላይ አልወድቅም ካልክ አትውደቅ፤ «መታሁህ፣ ባልመታህ ኖሮ» ማለት ግን ያቅትሃል ብዬ አላምንም። የመጀመሪያ ቀን መልስ ባይሰጥህ አትቆጣ። ሦስት ሳምንት አኩርፏል፤ ሌላ ሦስት ቀን ቢጨምር መብቱ ነው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መብራት ባለበት፣ ሁለት ወንበር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጥ። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ አብራሪው ብቻውን አይቀመጥም፤ በብዙ አየር መንገዶች አንዱ የከፍታውን ቁጥር ሲሞላ ሌላው አይቶና በጣቱ አመልክቶ ጮክ ብሎ ያረጋግጣል። ያንን ሥራ ለወንድምህ ስጠው። 10,600 ስትሞላ «አሥር ሺህ ስድስት መቶ» ይበልህ። 3,000 ስትሞላ ደግሞ «ጋሼ፣ መሬቱ የት ሄደ?» ይበልህ። የጆይስቲኩን ፈተናም አብራችሁ አድርጉት፤ እሱ ይንቀለው፣ እሱ ይሰካው። ውጤቱን ጻፍልኝ። ቦሌ ላይ ስታርፉ መሪውን የያዘው ማን እንደነበርም እንዳትረሳ።