በገንዘብ የተገዛ ጋሻ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላሉ አበው። የሳዑዲ ዓረቢያ ነገሥታት በዚህ ብሂል አምነው ኖረዋል። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2019 በሰማይ መንገድ ያገኙት ጠላቶቻቸው ሆኑ። ሰው አልባ አውሮፕላኖችና ክሩዝ ሚሳይሎች የአብቃይቅንና የኹረይስን የነዳጅ ተቋማት መትተው የአገሪቱን ምርት በግማሽ ያህል፣ ማለትም በቀን ወደ 5.7 ሚሊዮን በርሜል ቀነሱት። በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር የተገዙት ፓትሪዮት ፀረ ሚሳይሎች አላስቆሟቸውም።

ለመሆኑ በመከላከያ ወጪ ከዓለም ቀዳሚዎች ተርታ የተሰለፈች አገር ስለምን ራሷን መጠበቅ ተሳናት? በእኛ እምነት መልሱ የሚገኘው ሠራዊቱ ከተዋቀረበት ዓላማ ነው። የግብፅን ንጉሥ በ1952፣ የኢራቅን ደግሞ በ1958 ከዙፋን ያወረዱት የገዛ መኮንኖቻቸው ነበሩ። የሳዑድ ቤተሰብ ይህን አይቶ ጦሩን ከፋፍሎ ያዘ። መደበኛውን ሠራዊት ልዑል ሱልጣን፣ ከታማኝ ጎሣዎች የተመለመለውን ብሔራዊ ዘብ ደግሞ በኋላ ንጉሥ የሆኑት ልዑል አብዱላህ እያንዳንዳቸው ከአርባ ዓመታት በላይ መሩት። አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ የተደረገ ሠራዊት በጦር ሜዳ ተባብሮ ይዋጋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። በኖቬምበር 2017 የብሔራዊ ዘቡ ሚኒስትር ልዑል ሙትዒብ ከተነሡ በኋላም ኃይሉ ሁሉ በአልጋ ወራሹ በልዑል መሐመድ ቢን ሳልማን እጅ ተጠቃለለ እንጂ ለሕዝብ ተጠሪ አልሆነም።

የውጭውን ጠላት የመመከት ኃላፊነት ለባዕዳን ተሰጠ። ሳዳም ሁሴን በ1990 ኩዌትን ሲወር መንግሥቱን ለመታደግ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አካባቢው ተጓዙ። በማርች 2015 በተጀመረው የየመን ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ የሱዳን ወታደሮች ተሰለፉ። ይህም ሆኖ በኤፕሪል 2022 የተኩስ አቁም ሲደረስ ሰንዓ አሁንም በሁቲዎች እጅ ነበረች። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ሪያድ ከፓኪስታን ጋር የጋራ መከላከያ ስምምነት ተፈራረመች። እርግጥ ነው፣ በ«ራእይ 2030» ከወታደራዊ ወጪው ግማሹን በአገር ውስጥ ለማዋል ታቅዷል። ይሁን እንጂ ፋብሪካ በገዥና በተገዥ መካከል መተማመንን አያመርትም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ባወጣው ዘገባ፣ ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በሞርታርና በጥይት እንደገደሉ ገልጿል። ሪያድ ክሱን መሠረተ ቢስ ብላ አስተባብላለች። የነዳጅ ተቋማቱን ከሚሳይል ያላዳነ መንግሥት ባዶ እጁን በመጣ ስደተኛ ላይ መበርታቱ ምን ይባላል? የሟቾቹ ደም ነጻ ምርመራ ይጠይቃል፤ እኛም ከመጠየቅ አንቦዝንም።

ዛሬ በአገራችን ሥልጣን የያዙትም ሆኑ ነገ የሚይዙት ከዚህ ይማሩ። ወገኑን የሚፈራ ገዥ የገዛው መሣሪያ ቢበዛም ባዳሪው ይበዛል እንጂ አገሩ አይጠበቅም። ሠራዊት የአገር ጋሻ የሚሆነው ዜጋው የእኔ ነው ሲለው ነው።