ቁጥሩን አናጥፋ



በዚህች አጭር ጽሑፍ ሐሳቤን የምገልጸው ስለ አንድ ልማዳችን ነው፤ ይኸውም በላቦራቶሪ ያገኘነው ቁጥር ከመጽሐፉ ሲለይ ማጥፋታችን ነው። እኔም ራሴ አድርጌዋለሁ። ባለፈው ዓመት ውሃ አፍልቼ ቴርሞሜትሩን ብመለከት 92 ዲግሪ ሆነብኝ። «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብዬ በላጲስ አጠፋሁና 100 ብዬ ጻፍሁ፤ ሙሉ ማርክም አገኘሁ። በኋላ ግን እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ተረዳሁ። ለካ ያጠፋሁት እውነቱን ኖሯል!

የአንድ ነገር ጠባይ በራሱ ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ባለውም ነገር ይወሰናል። ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነኝ የብርና የፒሪዲን ነገር ነው። ፒሪዲን አምስት የካርቦን አቶሞችና አንድ የናይትሮጅን አቶም ቀለበት የሠሩበት ሞለኪውል ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1974 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ፍላይሽማን፣ ሄንድራና ማክዊላን የተባሉ ሊቃውንት የብርን ገጽ በኤሌክትሪክ አሻክረው ፒሪዲን አሳረፉበትና የሌዘር ብርሃን አበሩበት። ሞለኪውሉ የበተነው ብርሃን በርትቶ ታየ። እነርሱም ምክንያቱን፣ የሻከረ ገጽ ሰፊ ስለ ሆነ ብዙ ሞለኪውል ይይዛል ብለው አስረዱ።

በ1977 ግን በአሜሪካ ቫን ዳይንና ባልደረባው፣ በእንግሊዝም አልብሬክትና ክራይተን፣ የገጹ ስፋት ብቻውን ለዚህ ሁሉ ብርሃን እንደማይበቃ አሳዩ። ቫን ዳይን የገመተው ጭማሪ ከመቶ ሺሕ እስከ ሚሊዮን እጥፍ ነበር። ዋናው ምክንያት ብሩ ራሱ ነው። ብርሃን የብሩን ኤሌክትሮኖች፣ በጊዜው እንደሚገፋ ዥዋዥዌ፣ አብረው ያወዛውዛቸዋል፤ በሻካራው ገጽ አጠገብ ያለው የብርሃን ኀይልም እጅግ ይበረታል። በ1980 ደግሞ ስስ የብር ወይም የወርቅ ንጣፍ የተጠጋው ሞለኪውል ኢንፍራሬድ ብርሃንን አብልጦ እንደሚመጥ ታወቀ።

እነዚያ ሊቃውንት የማይስማማውን ቁጥር አጥፍተውት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተገኘም ነበር።

«አንዳንድ ጊዜ ስሕተቱ የተማሪው ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህም የሚታወቀው ቁጥሩ በደብተሩ ላይ ሲቆይ ነው። ስለዚህ መምህሮቻችንን በትሕትና የምለምነው፣ ያየውን ቁጥር በሐቀኝነት ጽፎ፣ ደግሞ ለክቶ፣ «በአጠገቡ ምን ነበረ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ማርክ እንዳይጎድልበት ነው። ጓደኞቼ ሆይ፣ እኛም ላጲሱን እናስቀምጥ።