"ገበያው ቀዝቅዟል" ማለት ይብቃን

ሰኞ ጠዋት የሽያጭ ስብሰባ ያለባችሁ፣ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ለአለቆች አይደለም፤ ለእነሱ ብዙ ተጽፏል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። 12 ሰው ለ2 ሰዓት ሲሰበሰብ 24 የሥራ ሰዓት ሄደ ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 አይበልጥም። ስለዚህ አንዷ ስብሰባ የአንድ ሰው ሙሉ 3 ቀን በላች። በ3 ቀን መርካቶ ውስጥ ስንት ሱቅ ይዞራል? እስቲ አስቡት።

ታዲያ በዚህ ሰዓት ምን እንሠራለን? በየተራ ቁጥር እናነባለን። "ይሄን ያህል ካርቶን፣ ከታርጌቴ ይሄን ያህል በመቶ..." የቀረው ሰው ጠረጴዛ ሥር ስልኩን ይነካካል። ለምን ቀነሰ ሲባል ሁላችንም አንድ መልስ አለን፦ "ገበያው ቀዝቅዟል"። አለቃ "እንበርታ" ይላል፣ እንበተናለን።

ቁጥሩ እኮ ቀድሞውንም ኤክሴል ላይ አለ! እሑድ ማታ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ቢላክ በቂ ነው። ቢሮ ያለው ሰው የማያየው ያልተሸጠውን ነው። እሱን የምናውቀው ደጅ የምንጠናው እኛ ብቻ ነን።

"ገበያው ቀዝቅዟል" የምንለው ነገር ሲፈታ ብዙ በሽታ ነው። አንዱ ባለሱቅ "ሌላው በዱቤ ይሰጠኛል" ብሎ መልሶናል፤ ይሄ የፋይናንስ ጉዳይ ነው። ሌላው "ባለፈው ተሰብሮ የመጣው ዕቃ አልተቀየረልኝም" ብሏል፤ ይሄ የመጋዘንና የማድረስ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው ዋጋው ከብዶታል፤ ይሄ የማኔጅመንት ውሳኔ ነው። ቅቤ የሚሸጥ ሰው ደግሞ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሽያጩ ቢወርድ ካሌንደሩ ነው፤ በየሳምንቱ "ለምን?" እየተባለ ስብሰባ አያስፈልገውም። አራቱን በአንድ ስም ከጠራናቸው ማን የቱን ያክም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን ሰኞ ስንመጣ አንድ ያልተሸጠ ሽያጭ ይዘን እንምጣ፦ የት ሱቅ፣ ባለሱቁ በራሱ አፍ ምን አለ፣ ምን ቢሆን ኖሮ ይገዛ ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዳችን "ይሄን ማን ይይዘዋል? እስከ መቼ?" ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ግሩፑ ላይ እንጻፈው። በቀጣዩ ሰኞ ስብሰባው ከዚያች መልእክት ይጀምራል።

"አንተ ደግሞ! እውነት የተናገረ መመታቱን አታውቅም?" የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ። እኔም ያልተሸጠ ነገር ያነሳ ሰው ሰነፍ ሲባል ሰምቻለሁ። ግን ለብቻ ስለሚነሳ ነው የሚመታው። ሦስት ሰው ከሦስት ሰፈር ያንኑ የዱቤ ችግር ይዞ ሲመጣ ስንፍና መባሉ ያበቃል፣ የገበያ መረጃ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል የሚባለው? ከባድ ነገር ከሆነ ደግሞ ከስብሰባው በፊት ለአለቃ ለብቻው መንገር ነው። ሰው ፊት ያልተዘጋጀበት ነገር የመጣበት አለቃ ራሱን ነው የሚከላከለው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ላይሰማ ይችላል። ቢሆንም ኮሚሽኑ የሚቀነሰው ከኛ ነው፤ ደንበኛው ጥሎን ሲሄድ ባዶ እጁን የሚመለሰውም እኛው ነን። የኛ ኪስ ባለበት ጉዳይ ዝም ብሎ ስልክ መነካካት አያዋጣም።

እናንተስ? ባለፈው ሳምንት ያልገዛችሁ ደንበኛ ምን አላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉት። "ገበያው ቀዝቅዟል" ግን አይቆጠርም! 😄