ማስታወቂያው ለማን ነው የተጻፈው?

አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በሩ ላይ እንዲህ ለጠፈ እንበል፦ «ጉዳዩ፦ አገልግሎት አሰጣጥን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ጽ/ቤታችን የመረጃ አያያዝ ሥርዓቱን ለማዘመን እያከናወነ ካለው ተግባር ጋር በተያያዘ የነዋሪነት መታወቂያ እድሳት ላልተወሰነ ጊዜ የማይሰጥ መሆኑ ታውቆ፣ ተገልጋዮች አስፈላጊውን ትብብር እንድታደርጉ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ይህን ማን እንዲያነበው ነው? መታወቂያዋ ጊዜው ያለፈባት እናት? እሷ መቼ ልምጣ ብላ ነው የቆመችው። እስከዚያስ ባንኩ በአሮጌው መታወቂያ ብሬን ይሰጠኛል? ሐዋላ ቢላክልኝስ? ለዚህ ሁሉ መልሱ የቱ መስመር ላይ ነው? የተጠየቀችው «ትብብር»ስ ምንድን ነው፣ ዝም ብሎ ወደ ቤት መመለስ? (ርዕሱ ላይ «ለመግለጽ የሞከረው» ሰው ለምን እንዳልተሳካለትም ቢነገረን ደስ ይለን ነበር።)

በመጨረሻ የሚያስረዳት በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ነው፦ «እማማ፣ ሲስተም እየቀየሩ ነው፤ ከበዓል በኋላ ይምጡ።» ጥበቃው በአንድ ትንፋሽ የጨረሰውን ቢሮው ለምን መጻፍ አቃተው? አላቃተውም፤ የጻፈው ለሌላ አንባቢ ነው። ለሚፈርመው ኃላፊ፣ ለኦዲተሩ፣ ነገ «አሳውቃችኋል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ለሚወጣው ፋይል። የጥበቃውን ቃል ጽፎ ለፊርማ የሚያቀርብ ባለሙያ «ይሄ የቢሮ ቋንቋ ነው እንዴ?» ባይባል ይገርመኛል።

ያው ደብዳቤ ደግሞ ማኅተሙ እንዳረፈበት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ደብዛዛ። ለኃላፊ የተጻፈ ወረቀት ታክሲ ውስጥ ስልኩን ለሚያይ ሰው ያገለግላል ያለው ማን ነው?

ሕግ ክብደት ይፈልጋል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ውልና ክስ እንደ ወሬ አይጻፉም። ግን በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ አንባቢውን አስቧል፤ በአንቀጽ 1728 ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ማንበብ ችሎ ሳይገባው የብድር ውል የሚፈርመውንስ ማን ያስበው?

አጼ ምኒልክ በመስከረም 1888 የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ጉልበት ያለውንም የሌለውንም ለይተው አነጋግረዋል፤ እያንዳንዱ ከእሱ የሚፈለገውን ሰምቶ ሄደ። አዋጅ ነጋሪት ተጎስሞ በጆሮ ይሰማ ነበርና አንዴ ተነግሮ መግባት ነበረበት። ከ1934 ጀምሮ ሕጋችን የሚታተምበት ጋዜጣ ስሙን ከዚያው ከነጋሪት ከወሰደ፣ የዛሬው ማስታወቂያ ጻፊ የነጋሪውን ጭንቀት የት ጣለው?

እናንተ የመንግሥት ጸሐፊዎች፣ ወረቀቱ ወደ ፊርማ ከመሄዱ በፊት በሩ ላይ ለቆመው ጥበቃ አንብቡለትና «ሰው ሲጠይቅህ ምን ትላለህ?» በሉት። የሚመልሰው ከጻፋችሁት ከተለየ፣ የእሱን ለጥፉ።