ቁጥሮቹን ለማየት ዳኛ ፊት

የአካል ብቃቱ በመጠይቅ ተለክቶ ከ100 65 ያገኘ ሰው ሕመሙ ጠንቶበታል ተብሎ ወደ አንድ የሕክምና ጥናት ይገባል። ከዓመት በኋላ ሲለካ 60 ሆኖ ይገኛል። ብሶበታል ማለት ነው። በጥናቱ ሚዛን ግን ለማገገም ከተቀመጡት መስፈርቶች አንዱን አሟልቷል። ይህ የሆነው በብሪታንያ፣ ፔስ በተባለው ጥናት ነው። ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ያለባቸው 641 ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የሕዝብ ገንዘብም ወጥቶበታል። በመጀመሪያው ዕቅድ መስፈርቱ 85 ነበር። ወደ 60 የወረደው ሙከራው ካበቃ በኋላ ነው።

ይህ ሕመም ሥራ የበዛበት ሰው የሚሰማው ዓይነት ድካም አይደለም። እንቅልፍ አይሽረውም። ታማሚው ገላውን በመታጠቡ ወይም ደጅ ደርሶ በመመለሱ ብቻ በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ሊያቅተው ይችላል። የደም ምርመራ ለይቶ ስለማያሳየው ብዙዎች በሐኪምም በቤተሰብም «ስንፍና ነው» ተብለዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «እንቅስቃሴህን በየጊዜው ጨምር» ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

ፔስ ግን ያንኑ ምክር ደገፈ። ዋናው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት ላይ ታተመ። በ2013 በወጣው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ደረጃ በደረጃ እንቅስቃሴ ከጨመሩትም፣ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ከወሰዱትም 22 በመቶው አገግመዋል ተባለ። ታማሚዎች ይህን ሊቀበሉ አልቻሉም፤ ገላቸው የሚነግራቸው ሌላ ነበርና። አንድ አውስትራሊያዊ ታማሚ በመረጃ ነፃነት ሕጉ መሠረት የተሳታፊዎቹ ውጤት ስም ሳይጠቀስ እንዲሰጠው መረጃውን የያዘውን የለንደኑን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲው እምቢ አለ። በ2015 የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር «ስጡ» ብሎ ወሰነ። ዩኒቨርሲቲው ይግባኝ ጠየቀ፤ ለጠበቃም ሩብ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አወጣ። በነሐሴ 2016 ችሎቱ በአብላጫ ድምፅ ለታማሚው ፈረደ።

መረጃው ወጥቶ በመጀመሪያው ዕቅድ መስፈርት ሲሰላ፣ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ከወሰዱት ያገገሙት 7 በመቶ፣ እንቅስቃሴ ከጨመሩት 4 በመቶ ሆነው ተገኙ። መደበኛውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ደግሞ 3 በመቶ። ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። ይህን ለማወቅ አምስት ዓመት ክርክር ለምን አስፈለገ?

ዩኒቨርሲቲው ያነሳው መከራከሪያ የተሳታፊዎች ምስጢር መጠበቅ አለበት የሚል ነበር። ይህ በራሱ ትክክል ነው። የሕክምና ምስጢር ሊከበር ይገባል፤ እኔም የራሴ የሕክምና መዝገብ በአደባባይ እንዲነበብ አልፈልግም። ነገር ግን የተጠየቀው ስም፣ አድራሻ ወይም የልደት ቀን አልነበረም፤ የነጥቦች ዝርዝር ነበር። ከነዚያ ነጥቦች የአንዱን ታማሚ ማንነት ማወቅ ይቻላል የሚለውን ስጋት ችሎቱም አላመነበትም። እኔን የሚያስቆጣኝ እዚህ ላይ ነው፦ ታማሚውን ሊጠብቅ የተበጀ ጋሻ ታማሚው ራሱ እውነቱን እንዳያይ መከለያ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ስለ ሕሙማኑ ከልባቸው ተጨንቀው ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የራስን ስሌት ሌላ ሰው እንዳይመረምረው መከልከል የሳይንስ ሥራ አይደለም።

እነዚያ 641 ሰዎች ሰውነታቸው እየከዳቸው መጠይቅ ሞልተዋል፤ ሆስፒታል ተመላልሰዋል፤ ስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ተለክተዋል። ያን ሁሉ ያደረጉት ለሌላው ታማሚ ይጠቅማል ብለው ነው። እንግዲህ ገንዘብ የሚሰጠው አካል ገና ውሉ ሲፈረም፣ ስም የሌለው መረጃ መቼና በማን እጅ ለገለልተኛ አጥኚ እንደሚደርስ ይጻፍ። ተሳታፊዎችም ፈቃዳቸውን ያኔውኑ፣ በግልጽ ይጠየቁ። መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል፦ የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በእንቅስቃሴ ጭማሪ ላይ የተመሠረተው ሕክምና ለእነዚህ ሕሙማን እንዳይሰጥ የወሰነው በጥቅምት 2021 ነው። ያኔ ላንሴት ጽሑፉን ካተመ አሥር ዓመት አልፎት ነበር፤ በነዚያ ዓመታት በርካታ ታማሚዎች «ትንሽ ጨምር» እየተባሉ ክሊኒክ ተመላልሰዋል።