ለሕፃናት መማሪያ የሚሰጥ ድምፅና የተዛባው ሚዛን

ከሲያትል በስተ ደቡብ፣ በበርየንና በሲታክ አካባቢ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚልኩበት የሃይላይን ስኩል ዲስትሪክት ያረጁ ትምህርት ቤቶቹን አፍርሶ ለመሥራት በቦንድ ገንዘብ እንዲበደር ይፈቀድለት ዘንድ በኖቬምበር 2014 ነዋሪውን ጠየቀ። ከመራጩ ከግማሽ የሚበልጠው እሺ አለ፤ ጥያቄው ግን ወደቀ። በፌብሩዋሪ 2015 ዳግመኛ ጠየቀ፤ አሁንም የሚበዛው ሰው እሺ አለ፤ አሁንም ወደቀ። በመጨረሻ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጉዳዩን ከሥር መሠረቱ መርምሮ ምክሩን ካቀረበ በኋላ፣ በ2016 የ299 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ጸደቀ። የብዙኃኑ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ተገልጦ ሳለ ሁለት ጊዜ ከንቱ የቀረበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ፣ በዚያ ምድር ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ግዴታ ይመስለኛል።

የቦንድ ነገር ለእኛ ሰው ባዕድ አይደለም። የዓባይ ግድብ ሥራ በ2011 ሲጀመር በአገር ቤትም በባሕር ማዶም ያለው ወገን ቦንድ እየገዛ ለመንግሥት ማበደሩን እናስታውሳለን። በትምህርት ቤቱ ቦንድ ግን የሚያበድሩት ባለ ንዋዮች ሲሆኑ፣ ዋስ የሚሆነው የትምህርት አውራጃው (የዲስትሪክቱ) ነዋሪ ነው፤ ዕዳውም ከነወለዱ በብዙ ዓመታት ውስጥ ከቤትና ከመሬት ግብር ይከፈላል። ነዋሪው ሳይፈቅድ ዕዳ እንዳይጫንበት ሕጉ መከልከሉ ርትዕ ያለበት ሥርዓት ነው። እኔም የምከራከረው ሕዝብ ለምን ይጠየቃል ብዬ አይደለም፤ መልሱ የሚመዘንበት ሚዛን ተዛብቷል ብዬ ነው።

በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሕገ መንግሥት፣ ከ1944 ጀምሮ፣ የትምህርት ቤት ቦንድ የሚጸድቀው ከመቶ ስልሳው እሺ ሲል ነው። ይህም ማለት አንዱ የእንቢታ ድምፅ አንድ ተኩል የእሺታ ድምፅ ያህል ይከብዳል ማለት ነው። በዚህም ላይ የመራጩ ቁጥር ቀደም ሲል በተደረገው ጠቅላላ ምርጫ ከተገኘው ቁጥር ከመቶ አርባው ካነሰ፣ እሺታው የቱን ያህል ቢበዛ ቦንዱ አይጸናም። ሌቪ የሚባለው፣ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሚሰበሰበው የትምህርት ቤት ግብር ግን በ2007 ከዚህ ቀንበር ወጥቶ በተራ አብላጫ ድምፅ የሚያልፍ ሆኗል።

የአድልዎው ሥር እዚህ ላይ ነው። ውድ ቤቶችና ታላላቅ ሕንፃዎች የሞሉበት እንደ ሲያትል ያለ ከተማ ትምህርት ቤቱን በጥቂት ዓመት ሌቪ ሊሠራ ይችላል፤ ግብሩ በብዙ ሀብት ላይ ስለሚከፋፈል ለእያንዳንዱ አይከብድም፤ የሚያስፈልገውም ተራ አብላጫ ነው። ሀብቱ ያነሰ አውራጃ ግን ያንኑ ሕንፃ በጥቂት ዓመት ልክፈል ቢል ነዋሪውን ያስጨንቃል፤ ስለዚህ ዕዳውን በረጅም ዘመን የሚያካፍለው ቦንድ ግድ ይሆንበታል፤ ያን ጊዜም ስልሳ መቶኛው በር ላይ ይጠብቀዋል። ከኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ያለው ትንሹ የዋኪያከም አውራጃ ሕንፃውን ማደስ ቢያቅተው ክፍለ ግዛቱን ከሶ ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን በ2023 የግንባታው ወጪ በክፍለ ግዛቱ ላይ ብቻ የተጣለ ግዴታ አይደለም ብሎ ፈረደ። እንግዲህ ለድኻው አውራጃ የቀረለት ዋነኛ ተስፋ የነዋሪው ድምፅ ነው።

የዚህ አድልዎ ጉዳት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው ገና ፊደል ባልቆጠሩት ሕፃናት ላይ ነው። አባቶቻችን ልጅን በጨቅላነቱ ለየኔታ አስረክበው ፊደል ያስቆጥሩት የነበረው የለጋ አእምሮን ዋጋ ስለሚያውቁ ነው፤ በሚሺጋን፣ በይፕሲላንቲ ከተማ፣ ከ1962 ጀምሮ በ123 ሕፃናት ላይ የተደረገውና እስከ አርባ ዓመት ዕድሜያቸው የተከታተላቸው የፔሪ ጥናትም የመዋዕለ ሕፃናትን ትምህርት ያገኙት በትምህርትም በገቢም ካላገኙት ተሽለው መገኘታቸውን አስረድቷል። የሲያትል ሕዝብ በ2014 ለዚሁ ተግባር የ58 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2018ም ትምህርትን በሰፊው የሚደግፍ የ619 ሚሊዮን ዶላር ሌቪ አጽድቋል። ነገር ግን የመምህሩ ደመወዝ ቢገኝ እንኳ ክፍል ያስፈልጋል። የአራት ዓመት ልጅ ክፍል ዝቅ ያለ መታጠቢያ፣ በአጠገቡ መጸዳጃ፣ ወደ መጫወቻ የሚያወጣ በር ይሻል። ቦታ በጠበበበት ትምህርት ቤት ግን በጓሮ በተደረደሩት፣ ፖርተብል በሚባሉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ውስጥ ይማራሉ፤ ብዙዎቹም ውኃ የሌላቸው ስለሆኑ ሕፃኑ በጃንዋሪ ዝናብ ካፖርቱን ደርቦ እስከ ዋናው ሕንፃ ድረስ ለመሄድ ይገደዳል።

በጡረታ የሚኖር ሽማግሌ ግብሩ ይጨመርብኛል ብሎ ቢሰጋ ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ማመልከቻ አቅርበው ከዚህ ዓይነቱ ተጨማሪ ግብር ነጻ የሚሆኑበት ሕግ አለ፤ ይህን ላላወቀ ጎረቤት ማሳወቅም በጎ ሥራ ነው። ተከራዩም ቢሆን ግብሩ በኪራዩ በኩል እንደሚደርሰው አይካድም፤ ሆኖም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። በዌስትፖርት የውቅያኖስ ዳርቻ ያለው የኦኮስታ አውራጃ ሕዝብ በ2013 ቦንድ ፈቅዶ ያሠራው ትምህርት ቤት፣ ሱናሚ ቢመጣ ሕፃናቱና ጎረቤቱ ጣራው ላይ ወጥተው እንዲድኑ ሆኖ የታነጸ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው መጠለያ ነው። የመተባበር ፍሬ ይህን ያህል ነው።

ሚዛኑን ማቃናት የሚቻል ነገር ነው። ካሊፎርኒያ በ2000 ሁለት ሦስተኛ የነበረውን ወደ ሃምሳ አምስት መቶኛ አውርዳለች። በዋሽንግተንም ሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከተስማሙ፣ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ከሕዝቡ የሚፈለገው ተራ አብላጫ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥት የሚለውጥ አብላጫ የአንድ ትምህርት ቤት ጣራ ለመለወጥ አይበቃም መባሉ ከኅሊና ጋር አይስማማም፤ ስለዚህ እንደራሴዎቻችን የማሻሻያውን ሐሳብ ለሕዝብ እንዲያቀርቡ በደብዳቤም በቃልም ልንጠይቃቸው ይገባል።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ዜግነት ያገኘን ሁሉ አንድ የማይታለፍ ሥራ አለብን። በፌብሩዋሪና በኤፕሪል የሚመጣው የምርጫ ፖስታ፣ የፕሬዚዳንት ስም ስለሌለበት ብቻ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ይጣላል። ቴምብር እንኳ አይጠይቅም፤ ምልክት አድርጎ፣ ፖስታው ላይ ፈርሞ መላክ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለማነጽና ዕድር ለማቆም በስደት ምድር ገንዘባችንን ያዋጣን ሰዎች ልጆቻችን ለሚውሉበት ትምህርት ቤት ድምፃችንን መንፈግ አይገባንም። ከመቶ ስልሳ በሚፈለግበት፣ የመራጩ ማነስ ብቻውን ቦንዱን በሚጥልበት ምርጫ፣ ዝም ያለ ሰው ገለልተኛ ነኝ ሊል አይችልም፤ ዝምታው በሕፃናቱ ላይ ይቆጠራልና።